በዘጠኝ ሰዓት ያልጠራነው እንግዳ

ከሞጣ ተነስቼ ቢቸና የሄድኩት ለአንድ ቀን ጉዳይ ነበር። መናኸሪያው ላይ ከሚኒባስ ስወርድ ሁለት ሰዎች ቀረብ ብለው፣ "መሪጌታ፣ ለአፍታ እንፈልግዎት ነበር" አሉኝ። ትሕትናቸው ደስ አለኝ። አፍታዋ አራት ወር ፈጀች።

ጥፋቴ ስብከት ነው። አንድ እሑድ ቅዳሴ እንዳለቀ ለምእመናኑ "የታሰሩትን አስቡ" ብዬ ነበር። መርማሪው "የትኞቹን?" አለኝ። "መጽሐፉ አልለየም" አልኩት። መልሴን አሳምሮ ጻፈና ወደ ክፍሉ ሸኘኝ። የታሰሩትን ለማሰብ ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ አገኘሁ።

ክፍሉ ድሮ የእህል መጋዘን ነበር መሰለኝ፣ ጥጋጥጉ አሁንም ጤፍ ጤፍ ይሸታል። አሥራ ሰባት ሰዎች ነበርን። የክፍሉ ኃላፊ፣ ካቦው፣ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ገበሬ ናቸው፤ ሰውነታቸው ትንሽ፣ ድምፃቸው ግን ተራራ ያሻግራል። ከጎኔ የሚተኛው ሱቁን ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው የሞጣ ሙስሊም ነጋዴ ነው። "አገራችን ላይ በቅጡ ሳንጫወት እዚህ ጎረቤት ሆንን" እያለ ይስቅብኛል።

የገና ጾም ነበር። ቤተሰብ ምሳ ዕቃውን ጠዋት ያስገባል፣ ባዶው እኩለ ቀን ላይ ይመለሳል። ምግቡን በአንድ ትልቅ ትሪ ላይ ገልብጠን እንሸፍነዋለን፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ማንም አይነካውም። ዘጠኝ ሲሆን እኔ እባርካለሁ፣ ክብ ሠርተን እንበላለን። ነጋዴውም ምግቡ የጾም ስለሆነ ከእኛው ጋር ይቆርሳል። ቀኑን ሙሉ የምንጠብቃት ሰዓት እሷ ነበረች፤ ቀልዱም ወሬውም የሚመጣው ያኔ ነው።

ገና ሊደርስ ሳምንት ሲቀረው አንድ ረጅም ሰው አስገቡብን። ዕድሜው ሠላሳ ቢሆን ነው። ከደቡብ ጫፍ፣ ከጂንካም ወዲያ፣ ለመንገድ ሥራ የመጣ ነው። መታወቂያው የሩቅ አገር ስለሆነ "እዚህ ምን ፈልጎ መጣ?" ብለው አሰሩት። ነጋዴው ሰላምታ ሲያቀርብለት እንደ እስላም አልመለሰለትም። አንገቱ ላይም ማተብ የለም። በእኛ አገር ለዚህ ሌላ ምስክር አይጠራም፤ ማተብ የሌለው ሰው ክርስቲያን አይደለም።

ካቦው ወዲያው ፈረዱ። "እንግዳ ሰው በእኛ ጾም ምን ዕዳ አለበት? የሱ ድርሻ ለብቻው ይውጣለት፤ ጠዋት ይብላ።"

በደግነት ነው ያሉት። ሁላችንም ራሳችንን ነቀነቅን፤ እኔማ ካቦውን አመሰገንኳቸው። ጠዋት ጠዋት ድርሻውን በምሳ ዕቃ ክዳን አድርገን ፊቱ እናስቀምጣለን። ቀና ብሎ ያየውና ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። እኩለ ቀን ላይ ዕቃው ስለሚፈለግ ያልተነካውን እንጀራ ወደ ትሪው እንመልሰዋለን። በዘጠኝ ሰዓት እዚያው እሱ እያየን እንበላዋለን። እሱ ሲመሽ ከኪሱ ጥቂት ቆሎ አውጥቶ ይቆረጥማል። በሦስተኛው ቀን ቆሎውም አለቀ።

ካቦው ጨነቃቸው። ሦስት ቀን ምግብ ያልበላ እስረኛ "የረሃብ አድማ" ተብሎ መመዝገብ አለበት። የተመዘገበ ሰው ለብቻው ወደ ሌላ ቦታ ይወሰዳል። ከእኛ በፊት አንድ ሰው እንደዚያ ተወስዶ ወሬውም አልተሰማም።

"ነገ ካልበላ ማስታወቅ ግዴታዬ ነው" አሉ ቀስ ብለው። እሳቸው ቀስ ብለው ሲናገሩ ያኔ ነው የሰማኋቸው።

"ለእኔ ተዉት" አልኩ። ሦስት ዓመት ጠረፍ ሄጄ ወንጌል ሰብኬያለሁ፤ የሩቅ አገር ሰውን ጠባይ እንደ እኔ የሚያውቅ የለም ብዬ ብዙ ጊዜ ጉራዬን ነፍቼባቸዋለሁ። በማግስቱ ጠዋት ክዳኑን ይዤ ፊቱ ተቀመጥኩና ድምፄን ከፍ፣ አማርኛዬን ስብር አድርጌ፣ "ብላ! ምግብ! ጥሩ!" አልኩት። እጄንም ወደ አፌ ወሰድኩ። እንደ በሽተኛ አየኝ።

ነጋዴው ከኋላዬ ሳቀ። "መሪጌታ፣ አይጩኹበት፣ ሰውየው ደንቆሮ አይደለም። እኔን ከጠየቁኝ ጾመኛ ነው። በረመዳን ቀን ምግብ ሳይ እኔም እንዲህ ነው ፊቴን የማዞር።"

ዞር ብዬ እንግዳውን አየሁት። "ትጾማለህ እንዴ?"

"አዎ" አለ። "የገና ጾም ነው።"

ዓይኔ ወደ ባዶ አንገቱ ሄደ።

"ማተብህስ?"

"ስገባ ፈቱት። የሣጥን ቁልፍ አስሬበት ስለነበር ብረት አይገባም አሉ።"

"ማን አስተማረህ?"

"ከእናንተ አገር የመጣ ሰው። ጎጃሜ ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጹም ብሎኛል።"

ካቦው ከቦታቸው ተነሱ። "ታዲያ ልጄ፣ በዘጠኝ ሰዓት ለምን አትበላም?"

"አልጠራችሁኝማ" አለ።

አፈርኩ። ከታሰርኩበት ቀን ይልቅ በዚያች ደቂቃ አንሼ ነበር። ልብ ካላየ ዓይን አያይም የሚባለው ለእኔ ነው። ምግቡን አቅርበንለታል፣ ማዕዱን ግን ከልክለነዋል። የማንም ያልሆነ ሰው ምግብ በልቶ ምን ይሆናል?

የዚያን ቀን ሰዓቱ አልሄድ አለን። ዘጠኝ ሲሞላ ካቦው ትሪው አጠገብ ቆመው፣ "ልጄ! ና ወደ ማዕድ፣ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል!" ብለው ሲጣሩ ጠባቂው ደንግጦ ሮጦ መጣ። እንግዳው ተነሥቶ በእኔና በነጋዴው መካከል ተቀመጠ። የካቦው የመጀመሪያ ጉርሻ ጡጫ የሚያህል ነበር። ዓይኑ እንባ ሞላ፤ በርበሬው ነው ብለን ተስማማን።

የገና ጠዋት የውሃ ጀሪካን ከበሮ ሆነልን። ማሕሌቱን እኔ መራሁ። ስንጨርስ እንግዳውን "በእናንተ አገር እንዴት ትላላችሁ?" አልኩት። ዓይኑን ጨፍኖ በቋንቋው ዘመረ። አጭርና የምታስጨፍር ናት፤ በሦስተኛው ጊዜ ሁላችንም እንቀበለው ጀመር። ነጋዴው በጭብጨባ አገዘን።

"ሳይገባዎት ነው የሚዘምሩት?" አልኳቸው ካቦውን።

"ግዕዙስ መች ገብቶኝ?" አሉኝ። "ሰባ ዓመት ያልገባኝን አሜን ስል ኖሬ፣ አንድ ቢጨመር ምን ይጎዳኛል!"

በሩ ተንኳኳ። ጠባቂው በሩ ላይ ባለችው ትንሽ መስኮት አፈጠጠ። "ምንድን ነው የምትሉት?"

እርስ በርስ ተያየን። የሚያውቅ የለም። እንግዳው ቀጥ ብሎ ቆመና በጥንቃቄ በአማርኛ መለሰ፤ "ልጁ ተወልዷል፣ በሩን ክፈቱለት፣ ነው የሚለው።"

አሥራ ስምንት ሰው፣ እስር ቤት ውስጥ፣ ግማሽ ሰዓት ሙሉ በሩን ክፈቱ ብለን ጮኸናል! ካቦው "እኛ የለንበትም ጌታዬ፣ ቃሉ የመጣው ከሩቅ ነው" አሉ። መጀመሪያ የፈነዳው የጠባቂው ሳቅ ነበር። "ዝቅ አድርጉት" ብሎ ሄደ። በሩን አልከፈተም። ትንሿን መስኮት ግን ሳይዘጋት ቀረ፣ የጠዋቱ ፀሐይ ትሪው ላይ አረፈ።

ልባርክ እጄን ዘረጋሁና መልሼ ሰበሰብኩት። "ማዕዱን እሱ ይባርክ" አልኩ። በቋንቋው ባረከ። አሜን ያልነው አንድ ቃል ሳንሰማ ነው፤ በሕይወቴ እንደዚያ ከልቤ አሜን ብዬ አላውቅም።

ከእኔ በፊት ተፈታ። የት እንዳለ አላውቅም፤ ደህና እንደሆነ ግን አምናለሁ። ዛሬ ሞጣ ላይ ወደ ጠረፍ የሚሄዱ ወጣት ሰባክያን ለምክር እየመጡ ምን መጽሐፍ እንያዝ፣ ቋንቋውን እንዴት እንማር ይሉኛል።

"እሱ ይደርሳል" እላቸዋለሁ። "መጀመሪያ በስንት ሰዓት እንደሚበሉ ጠይቁ። ከዚያ እስኪጠሯችሁ ጠብቁ።"

ይስቃሉ። ቀልድ ይመስላቸዋል።