አልማቲን የፈሩልኝ ሰዎች

ተመረጥኩ! ኢሜይሉን ያየሁት ትምህርት ቤት፣ ለምሳ ተሰልፌ ነው። ስልኬን ቼክ አደረግሁና «እንኳን ደስ አለሽ» የሚለውን ሳይ ትሪዬን መሬት ላይ አስቀምጬ ጮህኩ። ሰመሩን፣ የትምህርት እረፍቱን፣ አልማቲ ላሳልፍ ነው። ካዛክስታን! በእኔ ዕድሜ ያለች ልጅ ካለችበት ቤተሰብ ጋ ተቀምጬ ሩሲያኛ እማራለሁ፣ ትምህርት ሲከፈት ደግሞ እሷ በተራዋ እኛ ቤት ትቀመጣለች። ወጪውን በሙሉ የተማሪ ልውውጥ ፕሮግራሙ ይችላል። የቀረው የአባቴ ፈቃድ ብቻ ነበር።

«ብቻ» ያልኩት አባቴን የማውቀው መስሎኝ ነው።

አባቴ ታክሲ ነጂ ነው። ላስ ቬጋስ የመጣ ቱሪስት ከኤርፖርት ተቀብሎ ሆቴል ሲያደርስ ዓመታት አልፈዋል። እናቴ ከከተማው ወጣ ብሎ ኤፔክስ የሚባል ቦታ ያለ መጋዘን ውስጥ ትሠራለች። ያን ማታ ኦቨርታይም ስለነበራት ወሬውን መጀመሪያ የሰማው እሱ ነው።

«የት ነው ያልሽው?»

«ካዛክስታን፣ አባዬ።»

«ስታን?»

«አዎ፣ ግን እኮ...»

«አይሆንም።»

እራቱን ማኘክ እንኳን አላቆመም።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቤታችን ሞላ። ወሬው ሰመርሊን የሚባለው ሰፈር ድረስ ደርሶ ኖሮ፣ ዓመት ሙሉ ያላየናቸው ሰዎች ሁሉ ሊመክሩኝ መጡ። አንዷ «ሴት ልጅ ይሰርቃሉ አሉ» አለች። ማን እንዳለ አልተናገረችም። ከሁሉም ድምፃቸው ከፍ ያለው የወንድሜ የክርስትና አባት ነበሩ። ድሮ በሱዳን በኩል ተሰደው የመጡ፣ ቤታችን ውስጥ ቃላቸው መሬት የማይወድቅ አበልጃችን ናቸው።

«በስታን የሚያልቅ አገር ሁሉ ጦርነት ነው» አሉ።

«እርስዎ ሄደው ያውቃሉ?» አልኳቸው።

«እሳት እንደሚያቃጥል ለማወቅ እሳት ውስጥ መግባት አለብኝ?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። አባቴ ጭኑን እየመታ ሳቀ። እኔ ግን ከእግሬ ጀምሮ ነደድኩ። ከልጅነቴ ጀምሮ ትምህርት ቤት ውስጥ «አገራችሁ ምግብ አለ?» ሲሉኝ ነው የኖርኩት። አባቴ ራሱ ተሳፋሪ ከየት እንደመጣ ሲጠይቀው፣ «ከኢትዮጵያ» ሲል ፊታቸውን የሐዘን ቤት ያስመስሉበታል። አንዳንዱ አዝኖለት ቲፕ ይጨምርለታል። ያን ቀን ቤት ሲገባ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ ወርውሮ «ማፕ ላይ እንኳን አይተውን አያውቁም እኮ!» ይላል። እኔም አብሬው እናደዳለሁ። ስንት ጊዜ አብሬው ተናድጃለሁ!

«አባዬ፣ አንተስ ካዛክስታንን ማፕ ላይ አይተሃታል?» አልኩት፣ ሰው ሁሉ እየሰማ።

ሳቁ ቆመ። እናቴ «አፍሽን!» አለችና ወደ ጓዳ ላከችኝ።

ጓዳ ቆሜ ሳህን እያጠብኩ የበለጠ ያናደደኝ ነገር ትዝ አለኝ። ወንድሜ አምና ከጓደኞቹ ጋር በአንዲት ያረጀች መኪና ሎስ አንጀለስ ሲሄድ ማንም አልተሰበሰበም። አባቴ «ነዳጅ ሞልታችሁ ውጡ» ነው ያለው፤ በቃ። ይህን ሳነሳበት መልሱ አጭር ነበር። «እሱ ወንድ ነው።» ወንድ ስለሆነ ፍሬኑ ይይዛል ማለት ነው?

ከዚያ በኋላ አባቴ ከትምህርት ቤት ሲወስደኝ መንገዱን በሙሉ አስፈሪ ታሪክ ይነግረኝ ጀመር። አንዷ ቱሪስት ታክሲ መስሏት የማታውቀው ሰው መኪና ውስጥ ገባች። ሌላዋን መጠጧ ውስጥ የሆነ ነገር ጨመሩባት። አንዱ ሾፌር ተሳፋሪዎቹ እንግዳ መሆናቸውን አይቶ ቅርቡን ሆቴል ከተማውን አዙሮ አደረሳቸው። ብዙ ቀን ዝም ብዬ ሰማሁት። አንድ ቀን፣ ሰፈራችን ሮድስ ራንች ልንገባ ስንል፣ አልቻልኩም።

«አባዬ፣ ይሄ ሁሉ የት የሆነ ነው?»

«ስትሪፕ ላይ ነዋ፣ ካዚኖዎቹ ጋ።»

«እኛ ከተማ ማለት ነው።»

«እና?»

«እና አልማቲ ምን አደረገችህ?»

ሬዲዮውን ከፍ አደረገው።

ፕሮግራሙ መልስ የሚጠብቅበት ጊዜ እያለቀ ሲመጣ የአልማቲዋ ልጅ እናት በቪዲዮ እንነጋገር ብላ ላከች። እኛ ጋ ሲመሽ እነሱ ጋ ይነጋል። አባቴ ከላይ የቤተ ክርስቲያን ኮቱን፣ ከታች ቁምጣ ለብሶ ስክሪኑ ፊት ተቀመጠ። እናቴ ነጠላዋን አደረገች። ወዲያ በኩል ፀጉሯን በሻሽ ያሰረች ጉንጯ የቀላ ሴትዮ አለች፤ ልጇ አጠገቧ ሆና ወደ እንግሊዝኛ ትተረጉማለች። አባቴ ጥያቄውን አዘጋጅቶ ነበር። ጉሮሮውን ጠራርጎ ሊጀምር ሲል ሴትዮዋ ቀደመችው።

«ይቅርታ አድርጉልኝ» አለች፣ «ልጄን ወደ እናንተ ለመላክ ፈርቻለሁ። ላስ ቬጋስ የቁማርና የሰካራም ከተማ ናት ይላሉ። ሰው ሁሉ ጠመንጃ ይዞ ይዞራል ይላሉ። አባቷ እምቢ ብሏል።»

አባቴ ከወንበሩ ሊነሳ ነበር፤ ቁምጣው ትዝ ሲለው መልሶ ቁጭ አለ።

«ላስ ቬጋስ? እመቤቴ፣ እኛ እኮ እዚህ ልጆች አሳድገናል! ቤተ ክርስቲያን አለን፣ ትምህርት ቤት አለን! ሰፈራችን ቢያዩት ጸጥ ያለ ነው። ማን ነው እንዲህ ያለዎት?»

«ሁሉም ሰው።»

«እዚህ ኖረው ያውቃሉ ሰዎቹ?»

«ኧረ የለም።»

«ታዲያስ!» ብሎ ጠረጴዛውን መታ።

ከዚያ ቀስ ብሎ ዞሮ አየኝ። እኔ አልሳቅሁም። እንባዬ መጥቶ ነበር፤ የንዴት እንባ።

ሴትዮዋ ምክሯን የሰጠችው ከዚያ በኋላ ነው። መንገድ ላይ እጅ ዘርግተው ያስቆሙት መኪና ውስጥ አይገባም፤ በስልክ ይጠራል፣ ታርጋው ይታያል፣ ከዚያ ይገባል። አውቶቡሱ በካርድ ነው። መንገድ ከጠፋብሽ ደግሞ ቀና ብለሽ ተራሮቹን እዪ አለችኝ። ተራሮቹ በደቡብ በኩል ናቸው፣ ከተማው ወደ እነሱ ሽቅብ ይወጣል፤ ስለዚህ ሰዎቹ መንገድ ሲያመለክቱ «ላይ» እና «ታች» ነው የሚሉት።

«በጣም የሚያሰጋኝ ግን ቦዩ ነው» አለች።

«የምን ቦይ?» አለ አባቴ።

በየመንገዱ ዳር የተራራ ውሃ የሚወርድበት ክፍት ቦይ አለ። እንግዳ ሁሉ ስልኩን እያየ ሲሄድ እዚያ ይገባል። አባቴ ያን ምሽት ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። «በሉ ከቦይ ጠብቁልኝ» አላት። «የእርስዎን ልጅ ከኤርፖርት የምቀበላት እኔው ራሴ ነኝ። ታክሲ የሚባል ነገር እንዳትይዝ!»

«እርስዎ ሥራዎ ምንድን ነው?»

«ታክሲ ነጂ ነኝ።»

ሁለቱም ቤት በሳቅ ፈረሰ።

ስልኩ እንደተዘጋ አባቴ «እንግዲህ ሂጂ» አለኝ። አመሰግናለሁ አላልኩትም። እኔ ስንት ሳምንት የለመንኩትን፣ ያስረዳሁትን፣ የጮህኩበትን ነገር ከሌላ ሰው አፍ ሲሰማ በአንድ ምሽት ገባው። ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል። እናቴም ነጠላዋን እያጠፈች፣ ማንንም ሳታይ፣ «እኔ ዲቪ ደርሶኝ ብቻዬን ስመጣ ያገሬ ሰው እየዘፈነ ነው የሸኘኝ፤ ያኔ ሴት አልነበርኩም?» አለች። እንደዚያ ተናዳ አይቻት አላውቅም ነበር።

ሄድኩ። አዎ፣ ቦዩ ውስጥም ገባሁ፤ አንድ እግሬን እስከ ጉልበቴ። ስልኬን እያየሁ ነበር። ምን እያደረግሁ? አባቴ በየሰዓቱ ቴክስት አድርጊ ስላለኝ «ደህና ነኝ» እያልኩት!

አንድ ቀን አውቶቡስ ውስጥ ከኋላዬ የተቀመጠች ሴት ሹሩባዬን ጎተት አደረገችው። ላስ ቬጋስም ነክተውኛል፤ እዚህ ሁልጊዜ ፈገግ ብዬ አልፋለሁ፣ ከዚያ ማታ አልጋዬ ውስጥ እበግናለሁ። እዚያ ግን የቤቱ እናት መጀመሪያ ያስተማረችኝ የካዛክኛ ቃል «ቦልማይድ» ነው፤ አይሆንም ማለት ነው። ዞሬ፣ ዓይኗን አይቼ፣ ጮክ ብዬ «ቦልማይድ!» አልኳት። ፊት የተቀመጡት አሮጊቶች ሁሉ ዞሩና ሴትዮዋን በካዛክኛ ወረዱባት። የሚሉት አልገባኝም፤ ደስ ብሎኝ ግን እስከ ፌርማታዬ ቆሜ ሰማሁ። ስወርድ መንገዱ ጠፋኝ። ማንንም አልጠየቅኩም። ተራሮቹን አየሁና ሽቅብ ሄጄ ቤት ገባሁ።

አሁን ተራው የእሷ ነው። አባቷም በመጨረሻ እሺ ብሏል፤ የአልማቲዋ ልጅ በሚመጣው ሳምንት ትገባለች። አባቴ መኪናውን ሁለት ጊዜ አሳጥቧል፤ እናቴ ሺፍቷን ቀይራለች። የዚያው ሳምንት ቅዳሜ ከሰዓት ቤታችን ግብዣ አለ፤ እናቴ «ለሁሉም ንገሪ» ስላለችኝ ይኸው ነገርኳችሁ። አበልጃችን ይመጣሉ፤ ጥያቄ እንዳላቸው ከወዲሁ አስታውቀዋል። እናንተም ኑ፣ ሴት ልጅ ያላችሁ ደግሞ ልጃችሁን ይዛችሁ ኑ። ሮድስ ራንች መግቢያው ላይ ጥበቃው ማን ጋ እንደምትሄዱ ይጠይቃችኋል። የአባቴን ስም እንዳትሰጡት። የኔን ስጡት።