በዓይን የተለካ ዘይት

ይህ የደረሰብኝ በ1990ዎቹ መጨረሻ ገደማ ነው። ያኔ ከዲማ ወረድ ብሎ፣ ድልድይ በሌለበት ወንዝ ላይ ሰው በጀልባ አሻግር ነበር። ብዙ ዓመት አልፎታል፤ ትዝ ሲለኝ ግን አሁንም አፍራለሁ።

የጀልባዬ ሞተር ስገዛውም አሮጌ ነበር። ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ወንዙ ሞልቶ ሳለ፣ ሰባት ሰው ጭኜ መሀል ላይ ስደርስ ጉርር ብሎ ቀጥ አለ። የማስነሻውን ገመድ ደጋግሜ ሳብኩት፤ አልነሳም አለ። ውኃው ወደ ታች ይወስደን ጀመር።

አስካለ የምትባል ጨው ነጋዴ ልጇን ከጀርባዋ ፈትታ ደረቷ ላይ አቀፈችው። ይህን ሳይ ገመዱን ለቀቅኩ። በረጅም እንጨት እየገፋሁ፣ ወንዙ ከሚታጠፍበት ቦታ ማዶው ዳር ላይ የወደቀ ዛፍ ይዘን ቆምን። ማዶ ስንወጣ፣ “ሞተሩ አርጅቶ ነው” አልኳቸው።

ወዳጆቼ አዲስ ግዛ አሉኝ። እኔ ደግሞ ቢታደስስ እያልኩ ልቤ ተከፈለ። በመጨረሻ አስፈትቼ ልየው ብዬ በአይሱዙ ጭኜ ሚዛን ተፈሪ ወሰድኩት። የወፍጮና የቡና መፈልፈያ ሞተር የሚጠግኑ ጋሽ ሸምሱ የሚባሉ ሽማግሌ ጠቆሙኝ።

ጋሽ ሸምሱ ፈትተው ፒስተኑን ወደ ብርሃን አወጡት። ዙሪያውን ተጫጭሯል።

“ቤንዚኑ ውስጥ ዘይት ስትጨምር በምን ትለካለህ?” አሉኝ።

“በዓይኔ።”

“ሰሞኑን ቀንሰህ ነበር?”

ዘይት ጠፍቶ ስለነበር ቀንሼ ነበር። አመንኩ።

“እንግዲያው አርጅቶ አይደለም የቆመው። አንተ ነህ ዘይት አሳጥተህ ያቃጠልከው።”

“ታዲያ አዲስ ልግዛ?”

“አዲሱንም እንዲሁ ታቃጥለዋለህ።”

ወረፋ የሚጠብቁ ሰዎች ፊት ስለሆነ ተናደድኩ። ሞተሬን ይዤ ልሄድ ጎንበስ ስል፣ ረጋ ብለው “ስንት ሰው ጭነህ ነበር?” አሉኝ።

“ሰባት።”

ተመልሼ ቁጭ አልኩ።

ፒስተኑ የሚመላለስበትን ሲሊንደር በጣታቸው ዳብሰው፣ ቢታደስ ገና ይሠራል አሉ። የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እሳቸው አጠገቤ ሆነው እኔው ራሴ እንድገጥመው። አዲስ ፒስተን ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ዘጠኝ ቀን ሚዛን ተፈሪ ሰነበትኩ። ሲደርስ ገጠምኩት፤ ሁለት ጊዜ አስፈትተው እንደገና አስጀመሩኝ። ዘይቱን በመስፈሪያ መለካትንም እዚያው አስተማሩኝ።

ሥራ እንደገና የጀመርኩ ዕለት አስካለ ልጇን አዝላ መጣች።

“ተሠራ?” አለችኝ።

“ተሠርቷል። ግን ያኔ እውነቱን አልነገርኳችሁም። ሞተሩ አርጅቶ ሳይሆን፣ እኔ ዘይት ቀንሼበት ነው የቆመው።”

“ዛሬ በእግሬ ዞሬ እሄዳለሁ” ብላ የጨው ቋጠሮዋን አንስታ ሄደች። ወደ ላይ ርቆ ባለው ድልድይ በእግር መዞር የግማሽ ቀን መንገድ ነው። ተመልሳ ጀልባዬ ላይ የወጣችው ከወር በላይ ቆይታ ነው። እኔም አልተቀየምኳትም።

ሞተሩ ከዚያ በኋላ አራት ክረምት ሠራ፤ አንድም ቀን መሀል ወንዝ ላይ አልቆመም። አዲስ ባለመግዛቴ አይቆጨኝም። የሚቆጨኝ፣ የዚያን ቀን ማዶ ስንወጣ ሰዎቹ እጄን እየጨበጡ “እግዜር ይስጥህ፣ አተረፍከን” ሲሉኝ፣ “አሜን” ብዬ መቀበሌ ነው።