ተዘግቶ የተጠረገው ቤት

አለባቸው ሣር ከዳኝ ነበር። እስቴ ውስጥ፣ ከመካነ ኢየሱስ ወዲህ ባለው አገር፣ የእሱን ክዳን ሾልካ ያለፈች የዝናብ ጠብታ አለች የሚል ሰው ካለ ውሸታም ነው! ታዲያ ይህ ጎበዝ በዓለም ላይ የሚፈራው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የደረቀ የርግብ ኩስ።

ምክንያት ነበረው። የዚያ ሰፈር ሰው ብዙ ዘመን የተዘጋ ቤት ሲጠርግ በሩን ከውስጥ ይዘጋል፤ ቤቱን የለመደው ጋኔን ወደ ጎረቤት እንዳይሸሽ ነው። ታላቅ ወንድሙ ጸጋዬ እንዲህ ዘግቶ አንድ አሮጌ ጎተራ ጠረገ፤ በአርባ ቀኑ ደም እያሳለ ሞተ። ሰው ሁሉ ጋኔን መታው አለ። አለባቸው ግን የወንድሙን ልብስ ሲያራግፍ የቦነነውን አቧራ አይቷል፤ እሱንም ሳምንት ሙሉ አስሎታል።

በንጉሡ ዘመን፣ ተማሪ ቤት ሊከፈት ነው ተብሎ የአንድ ሟች ባላባት የድንጋይ ቤት ተመረጠ፤ ጣሪያውን ባላባቱ በሕይወት ሳሉ አለባቸው ራሱ ነው በሣር የከደነው። ሃያ ዓመት ርግብ የሰፈረበት ነው፤ ኩሱ ቁርጭምጭሚት ይውጣል። ቤቱን የሚጠርገው ደቦ መሪ ደግሞ ዋለ ሆነ፤ የጸጋዬ ልጅ፣ አለባቸው ከእናቱ ጀርባ ተቀብሎ ያሳደገው።

አለባቸው ለመነ። በሩና መስኮቱ ተከፍቶ ይዋል፣ ኩሱ ጭቃ እስኪሆን በውኃ ይራስ፣ አፍና አፍንጫ በእርጥብ ጨርቅ ይታሰር፣ የተዛቀው ጉድጓድ ይግባ አለ። ዋለ ሳቀ።

«አጎቴ፣ ነብር ገባ ቢሉኝ ጦር አነሣ ነበር። ርግብ አራች ብለው ደቦዬን ሊበትኑብኝ ነው?»

አለባቸው ወደ ደብሩ ቄስ ወደ አባ ቀለመ ወርቅ ሄደ። አባ አሰብ አደረጉና፣ ውኃውን ነገ ጠዋት እኔው እባርከዋለሁ፤ ጸበል የነካው ጋኔን የትም አይሸሽም፣ በሩ ይከፈት አሉ። ሰፈርተኛውም ተስማማ።

ሲነጋ እንስራ ተሸክመው ቢደርሱ በሩም መስኮቱም ከውስጥ ተዘግቷል። ርግቦቹ ጣሪያው ጫፍ ላይ ተደርድረዋል፤ አንዷም ድምፅ አታሰማም። ከውስጥ መጥረጊያ ይሰማል፤ ሸር፣ ሸር፣ ሸር። ዋለ ብቻውን ጨርሶ ሊያሳፍራቸው ማልዶ ገብቷል። በሩን ቢደበድቡት ትንሽ ቀረኝ እያለ ያስላል። መወርወሪያው የባላባት ቤት መወርወሪያ ነው፤ ቢገፉት ንቅንቅ አላለም።

አለባቸው ጣሪያው ላይ ወጣ። በገዛ እጁ የከደነውን ሣር በማጭድ ቀደደው። አቧራው እንደ ጭስ ዓምድ ተነሥቶ ፀሐይዋን አደፈረሳት።

«ቀና አትበል» አለው። «አፍህን በጋቢህ ያዝና በሩን ክፈት።»

ዋለ ወጣ፤ ቅንድቡ ሳይቀር ዱቄት የተነሰነሰበት መስሎ። ልብሱን እደጅ አስወልቀው አጠቡት። የቀረውን ኩስ በጸበል አርሰው፣ በአካፋ ዝቀው ቀበሩት።

ባሥረኛው ቀን ትኩሳት ጣለው፤ ሳሉም ተከተለ። አለባቸው በየጠዋቱ ደጁ ላይ ቆሞ ያዳምጣል፤ ደም አለው ወይ ብሎ ይጠይቃል። የጣሪያውን ቀዳዳ ድፈን ሲሉት አርባው ሳያልፍ አልነካውም አለ።

በአርባ አንደኛው ቀን መሰላል ላይ ሳለ፣ አንድ እጅ ከታች የሣር ነዶ አቀበለው። ሳይዞር በሳሉ ዐወቀው። ዝቅ ብሎ ሲያይ ዋለ ከስቶ ቆሟል፤ ማንም ሳያዘው አፍና አፍንጫውን በእርጥብ ጨርቅ አስሯል።