ቅርንፉድ የተጠቀለለበት ገጽ

ባለፈው በጋ፣ የሲናና ስንዴ ታጭዶ ባለቀ ሰሞን የገጠመኝ ነው። አልረሳሁትም፤ እንዲረሳም ስለማልፈልግ ጻፍኩት። ፊደል የቆጠርኩት ጎልማሳ ሆኜ በመሠረተ ትምህርት ነው። አጻጻፌ ያልጣመው ሰው ገልጦ ይለፈኝ።

ሚስቴ ሩቂያ፣ አላህ ይዘንላትና፣ ጎባ ስምንተኛ ክፍል ድረስ ተምራለች። እኔ የማውቀው ስንዴ ነው። እርሻውን ትተን ሮቤ ከተማ ስንገባ ሁለታችንም ሥራ ፈታን። ያኔ ሩቂያ አስፋልት ዳር ከሚነጠፉት አሮጌ መጻሕፍት አንዱን ይዛ መጣች። ሽፋን የለውም። ስለ ጥንት ሕዝቦች የሚያወራ መጽሐፍ ነው፤ ስለ ግብጽ፣ ስለ ባቢሎን፣ ስለ መርዌ፣ መጨረሻው ላይ ስለ ኡር ከተማ። ግን ንጉሥ እገሌ ይህን ያህል ዓመት ገዛ እያለ አያደርቅም። ዳቦ ጋጋሪው ምን እንዳለ፣ ቦይ ጠራጊው ከማን ጋር እንደተጣላ፣ ልክ እንደ ጎረቤት ወሬ አድርጎ ነው የሚያወራው።

ከዐስር ሶላት በኋላ መስኮቱ ሥር ትቀመጥና መነጽሯን አድርጋ ታነብልኛለች። ከበድ ያለ አማርኛ ሲመጣ በኦሮምኛ ትፈታልኛለች። ስታቆም፣ ያቆመችበትን መስመር በጥፍሯ ጫር ታደርገዋለች። መጽሐፍ ላይ እስክሪብቶ ማሳረፍ ነውር ነው ትል ነበር።

ኡር ላይ ስንደርስ ተጣላች። ከማን ጋር ቢባል፣ ከሞተች ንግሥት ጋር። ንግሥቲቱ ስትቀበር አገልጋይ ሴቶቿ ጌጣቸውን እንዳደረጉ አብረዋት ተቀበሩ ይላል መጽሐፉ። ሩቂያ ጥርቅም አድርጋ ዘጋችው።

«አላነብም! እነዚህን ልጆች?»

«ሴትዮ፣ ይኼ እኮ ከአራት ሺህ ዓመት በፊት ነው» አልኳት።

«ቢሆንስ? እናት የላቸውም?»

ለቀናት አላነበበችም። እኔም ልመና አልወድም። በኋላ ራሷ ናፈቃትና ከፈተችው።

ኡር ውስጥ ሰው ሲሞት ብዙ ጊዜ የሚቀበረው እዚያው ቤቱ ወለል ሥር ነበር። ይህን ስታነብ ደስ አላት።

«እንደዚህ ነው እንጂ! አባ ዘይነባ፣ እኔንም ምድጃው ሥር ቅበረኝ።»

«ምድጃው ሥር ሆነሽማ ወጡ ጨው በዛ ትይኛለሽ።»

ሳቀች። የመጨረሻዋ ቀን ያነበበችልኝ ደግሞ ወንዙ እንዴት እንደሸሸ ነበር። ኤፍራጥስ መንገዱን ቀየረ፤ ከተማዋን ጥሎ ራቀ፤ ቦዮቹ ደረቁ። እዚያ ላይ በጥፍሯ ጫር አደረገችና «ሰዎቹስ ወዴት ሄዱ ይሆን? ነገ እናያለን» አለች። በማግስቱ ታመመች። ከዚያ ወዲያ መነጽሯን አላደረገችም።

ልጃችን ዘይነባ ከአዳማ ለሐዘኑ መጣች። ቤቱን ጠራርጋ፣ «ብቻዎን ምን ያደርጋሉ? ከእኔ ጋር ይሂዱ» ብላ ለምናኝ፣ እምቢ ስላት እያለቀሰች ሄደች። ከሄደች በኋላ መጽሐፉን ፈልጌ አጣሁት። የእናቷ ማስታወሻ እንዲሆናት ወስዳው ይሆናል ብዬ አልጠየቅኳትም። ቅር ብሎኝ ነበር። ግን እናቷ ናት፣ ምን እላታለሁ?

ታዲያ ያን ሰሞን ከሰፈራችን ባለሱቅ ከጀማል አብሽ ገዛሁ። ቤቴ ገብቼ የተጠቀለለበትን ወረቀት ስፈታ «ኡር» የሚል ቃል አየሁ። ወደ መስኮቱ ወሰድኩት። ከወረቀቱ አጋማሽ ወረድ ብሎ የጥፍር ጭረት አለ። ጣቴን አሳረፍኩበት። ያቺ የመጨረሻዋ ጭረት ናት።

አብሹ የት እንደተደፋ አላውቅም። በነጠላ ጫማ ሱቁ ደረስኩ። መጽሐፉ ከሚዛኑ አጠገብ ሚስማር ላይ ተሰቅሏል። እዚህ አገር አሮጌ ደብተር አይጣልም፣ መጠቅለያ እንዲሆን ለሱቅ ይሰጣል። ጀማል ከጀርባው እየገነጠለ እዚያ ገጽ ላይ ደርሷል።

«አንተ! ይኼን ማን ሰጠህ?»

«ዘይነባ ናት አባባ ከድር፣ ከአሮጌ ደብተሮች ጋር። ምነው?»

«ከዚህ ገጽ ወዲያ ያለውስ የታል?»

«ሄደ እኮ! አብሽ ሆኖ፣ ሚጥሚጣ ሆኖ ሄደ።»

«ለማን?»

«ለሮቤ ሕዝብ ነዋ አባባ!»

ሽፋን የሌለው መጽሐፍ ስለሆነ ዘይነባ ቆሻሻ መስሏት ነው። አልፈረድኩባትም። መጽሐፉን ከሚስማሩ አወረድኩና በማግስቱ ጧት ሱቁ በር ላይ የለስላሳ ሳጥን ገልብጬ ተቀመጥኩ። ቅመም ሊገዛ የመጣውን ሁሉ «ባለፈው የወሰድክበት ወረቀት የታል?» እላለሁ። ጀማል መጀመሪያ አፈረ፤ በኋላ እሱም ከውስጥ ሆኖ አብሮኝ ይጠይቅ ጀመር።

ሰው ሳቀብኝ። አንዷ ጎረቤታችን «አባባ፣ ሚጥሚጣውንም ልመልስልዎት?» አለችኝ። ይሳቁ። ግን እየሳቁም አመጡልኝ። አንዱን ገጽ የብርጭቆ መደርደሪያዋ ላይ ካነጠፈችው ሴት አገኘሁ። አንዱ ዘይት ጠጥቶ ወዲያና ወዲህ ያሳያል። አንዱ ሚጥሚጣ ስለያዘ ሳነበው አስነጠሰኝ። በገጹ ቁጥር ደረደርኳቸው። የመጨረሻው ገጽ ብቻ ጠፋ።

ጀማል ጭንቅላቱን አከከ። «እሱንማ አውቀዋለሁ። መጀመሪያ የገነጠልኩት እሱን ነው፤ የሪራው አማን ቅርንፉድ ሲገዛኝ።»

አማን ማር ይዞ ሮቤ የሚመጣ ሰው ነው፤ በዓይን እንጂ በቅርብ አላውቀውም። በስልክ ብንሞክር አልገባ አለን። ማታ ዘይነባ ስትደውል ነገሩንም፣ ሪራ ልሄድ መሆኔንም ነገርኳት። ደነገጠች።

«አባ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ አፉ ይበሉኝ። ግን ለአንድ ወረቀት ብለው በዚህ ዕድሜዎ የሳነቴን ተራራ ሊያቋርጡ ነው? እንደሱ ያለ ሌላ መጽሐፍ እፈልግልዎታለሁ።»

«እናትሽ የጠየቀችው ይኼንን ነው» ብዬ ዘጋሁባት።

ከጎባ የደሎ መናን አውቶብስ ተሳፈርኩ። ሳነቴ ላይ ጉም መስኮቱን ሸፈነው፤ ብርዱ ጉልበቴን ቆረጠመኝ። ሰውዬው ባይኖርስ? ወረቀቱ እሳት ማያያዣ ሆኖስ? ይህን ማሰብ የጀመርኩት መመለስ ከማልችልበት ቦታ ስደርስ ነው። እኔ እንዲህ ነኝ። ቁልቁል ጫካው ውስጥ ስንገባ አየሩ ሞቅ አለ፤ ሪራ ላይ ወረድኩ።

አማን አካም ጅርቱ ብሎ ተቀበለኝና የመጣሁበትን ጉዳይ ስነግረው አፍጥጦ አየኝ። የከብት ወይም የጋብቻ ነገር መስሎት ነበር።

«ወረቀት? የእኔ ወረቀት?» አለ። ሚስቱን ጠራ። አሚና ትባላለች።

«ያቺን? ነፋስ ከለከልኩባት እኮ!» አለች።

በቀርከሃው ግድግዳ ስንጥቅ ውስጥ፣ አልጋቸው ራስጌ ወትፋዋለች። ልጠይቃት ስፈራ እሷ ራሷ ጎትታ አወጣችው። ነፋሱ እያፏጨ ገባ። «ይግባ» አለ አማን፣ «እንግዳ ከሮቤ ድረስ መጥቶ!» ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ በመዳፏ አስተካክላ ሰጠችኝ። ቅርንፉድ ቅርንፉድ ይሸታል።

ኪሴ ልከተው ስል አሚና «እንዴ! ይህን ያህል መንገድ ያስመጣዎትን ሳንሰማ?» አለች።

ለሰው አንብቤ አላውቅም። በጣቴ እየተከተልኩ፣ እየቆምኩ፣ ቃሉን ደግሜ እየሞከርኩ አነበብኩላቸው። ከበድ ሲል በኦሮምኛ ፈታሁላቸው፤ ልክ እንደ ሩቂያ። ገጹ እንዲህ ይላል፦ የኡር ሰው በአንድ ቀን አልወጣም። መጀመሪያ ነጋዴው ውሃውን ተከትሎ ሄደ። ቀጥሎ ገበሬው። በየቤቱ ጭስ እያነሰ መጣ። አሸዋ ደጃፍ ላይ ተከመረ። በመጨረሻ ጥቂት ቤተሰቦች ብቻ ቀሩ፤ ለምን እንደቀሩ የምናውቀው ነገር የለም። እዚህ ላይ መጽሐፉ ያልቃል።

«ውሃ በሌለበት አገር ምን አስቀመጣቸው?» አለች አሚና።

«ሰዎቻቸው ወለሉ ሥር ናቸዋ!» አልኩ። ድምፄ ከፍ ብሎ ወጣ። ያንን የጻፈውን ሰው የተቆጣሁ ይመስል። እንዴት አያውቅም? ራሱ አይደል ከወለሉ ሥር ይቀበራሉ ብሎ የጻፈው?

አማን የማሩን ሳህን ወደ እኔ ገፋ አደረገው። አሚና በጨርቅ ቁራጭ ስንጥቁን ስትደፍን አየኋትና ሌላ ጊዜ ሪራ ስመጣ ግድግዳውን የሚደፍን ነገር ይዤ እመጣለሁ አልኩ። ባለፈው ወር ይዤ ሄድኩ።

ገጾቹን በጆንያ መስፊያ መርፌ ሰፍቼ ቦታቸው መልሻቸዋለሁ። ዘይነባ አሁንም «አባ፣ አዳማ መቼ ይመጣሉ?» ትለኛለች። ክረምቱ ይለፍ እላታለሁ። ክረምቱ ሲያልፍ ሌላ ነገር እላታለሁ። ወዴት ሄዱ የሚለው የሩቂያ ጥያቄ መልስ አግኝቷል። የምነግረው ግን ለእሷ ነበር፤ ሌላ ሰው ቢሰማው ያው ወሬ ነው።

አሁን ከዐስር በኋላ መስኮቱ ሥር የምቀመጠው እኔ ነኝ። ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሬ ድምፄን አውጥቼ አነባለሁ። በየዕለቱ ያቆመችበት ጭረት ጋ ስደርስ ለዛሬ ይበቃኛል፤ አቆማለሁ። በቀደም እነዚያ ልጆች ከንግሥቲቱ ጋር የተቀበሩበት ገጽ ላይ ደረስኩ። ፊት ሩቂያ ስታነበው ምንም አልመሰለኝም ነበር። ጥርቅም አድርጌ ዘጋሁት።

ይኼ እኮ ከአራት ሺህ ዓመት በፊት ነው የሚለኝ ሰው ጠበቅሁ። ማንም አላለኝም። እስከ ዛሬ አልከፈትኩትም።