የሁዳዴው ዋሽንት

ቅቤ የተቀባ ሸምበቆ ሽታ ታውቂ እንደሆነ እንጃ፣ እህቴ። ትናንት ልጄ ከዋሽንት ትምህርቷ ስትወጣ እጇ ያንን ይሸት ነበር። እኔ እንደ ልማዴ ደጅ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ እጠብቃት ነበር፤ ልጅን ለሰው ትቶ መሄድ አይሆንልኝም። እግሬ ዝሏል፣ ወገቤም አልቋል። ሽታው ግን ጎትቶ ዘመሮ ከተማ አጠገብ ካለችው መንደራችን፣ ከሸማኔው አባባ ቤት አደረሰኝ።

ያኔ ከአራተኛ ክፍል ትምህርት ካቆምኩ ሁለት ዓመት ሆኖኝ ነበር። እናቴ የበግ ጠጉር ትፈትላለች፣ እኔ ፈትሉን ለሸማኔው አደርሳለሁ፣ እሳቸው ባና፣ ያን ወፍራም የጠጉር ብርድ ልብስ፣ ይሠሩበታል። ሚስታቸው ከሞቱ ቆይተዋል፤ አንድ ልጃቸውም ውትድርና ሄዶ በዚያው ቀርቷል። ከእሱ የተረፋቸው አንድ ዋሽንትና ራሱ ያወጣው አንድ ዜማ ነበር። ከሽመናው ሲያርፉ ይነፉታል። እኔም ፈትሉን አስረክቤ ቶሎ አልሄድም።

"ምነው፣ እግርሽን ውርጭ ያዘው?" አሉኝ አንድ ቀን።

"አይ አባባ፣ ዜማው ደስ ብሎኝ ነው።"

"እንግዲያው ነይ ተማሪው። ከእኔ በቀር የሚያውቀው የለም፤ እኔ ደግሞ አርጅቻለሁ።"

እናቴ ስትሰማ ሳቀች። "ዋሽንት? የቀረሽ ይኼ ነበር!" አለች። ቆይታ ግን፣ "በሩ ክፍት ይሁን፤ እንዝርትሽም ሥራ እንዳይፈታ" ብላ ፈቀደች።

የመጀመሪያው ወር ትንፋሽ ብቻ ነበር። ቤቱ የረጠበ ጠጉር ይሸታል፤ በበሩ የገባው ብርሃን ባናው ላይ ይተኛል። "አታሞጥሙጪ፤ ትኩስ ወጥ እንደምታበርጂ ቀስ ብለሽ እፍ በይ" ይሉኛል። በመጨረሻ ድምፅ ሲወጣልኝ፣ "ጥጃ አስነጠሰ!" ብለው እስኪያነቡ ሳቁ።

ከፋሲካ በኋላ ደብረ ብርሃን አክስቴ ዘንድ ልላክ ተወስኖ ነበር። ሁዳዴ ከገባ ደግሞ ዋሽንት አይነፋም፤ እስከ ፋሲካ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ስለዚህ ዜማውን ከቅበላ በፊት መጨረስ ነበረብኝ። ሳምንት ሲቀር ገና ግማሹ ላይ ነበርኩ። "ቤትሽ ወስደሽ ተለማመጂ" ብለው ዋሽንቱን ሰጡኝ፤ "ከውርጭ ጠብቂው።"

ጠበቅሁት። በጨርቅ ጠቅልዬ፣ እንዲሞቀው ብዬ ከምድጃው በላይ ካለው ቆጥ ላይ አኖርኩት። የኩበት እሳት ቀስ ብሎ ነው የሚሠራ። ጠዋት ስፈታው ከአፉ እስከ መጨረሻው ቀዳዳ ተሰንጥቋል። ቤት ውስጥ ውርጭ ምንም ባላደረገው ነበር። የሰነጠቀው የእኔ ጥንቃቄ ነው። ዛሬም የልጄን ግንባር ትኩሳት ሳይኖራት በቀን ስንት ጊዜ እደባብሳለሁ፤ "እማዬ፣ ተይኝ እስቲ" ትለኛለች።

ይዤላቸው ሄድኩ። ቁጣ ጠብቄ ነበር። እሳቸው ግን ስንጥቁን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት፤ የእናቴን ፈትል ጠመጠሙበት፣ ሰም ቀቡበት፣ ነፉት። ነፋስ ብቻ ወጣ። ሸምበቆ በእኛ ብርድ አይበቅልም፣ ከቆላ ነው የሚመጣው፤ በቅበላ ሳምንት ማን ቆላ ይወርዳል?

"እኔ እኮ ከፋሲካ በኋላ የለሁም፣ አባባ" ብዬ አለቀስኩ።

እሳቸው ተመልሰው የሽመና ጉድጓዳቸው ውስጥ ገቡ። ትከሻቸው ሲወድቅ አየሁት። አለቀ ብዬ ወጣሁ።

ሁዳዴ በገባ በመጀመሪያው ሳምንት ፈትል ሳደርስ ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው አገኘኋቸው። አራት ቦታ በከሰል ምልክት አድርገውበታል።

"ነይ" አሉኝ፤ "ጣት ጾም አይገድፍም።"

ያን ጾም በሙሉ ያለ ትንፋሽ ተማርኩ። ከዘራው ላይ ጣቴን አነሳለሁ፣ አሳርፋለሁ። አንድም ድምፅ የለም፤ እሳቸው ግን ስህተቱን ይሰሙታል። "ሦስተኛዋን ቸኮልሽባት። እዚህ ጋ ልጄ ይቆያል።"

ከፋሲካ በኋላ ተላክሁ። ዓመቱን ቆይቼ ስመለስ ሸማኔው አባባ በሕይወት አልነበሩም። ያንን ዜማ እስከ መጨረሻው በትንፋሼ አውጥቼው አላውቅም። ልጄ እንድትማር ያደረግኋት ለዚህ ይሆን? እንጃ፤ እኔ ላስተምራት ብል ደግሞ የጣቱን አነሳስ እንጂ ድምፁን ልሰጣት አልችልም።

ከመላኬ በፊት የመጨረሻው ትምህርት የሆሳዕና ዋዜማ ነበር። አባባ ከዘራውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙት፤ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከመጀመሪያው ጀመርኩ። መሐል ላይ ስደርስ አንዲት ጎረቤት የፈትል ቅርጫቷን ታቅፋ በሩ ላይ ቆመች።

"እንደምን ዋላችሁ! አባባ፣ ያ ባናዬ —"

ዓይናቸውን ሳይገልጡ እጃቸውን አነሱ። "ዝም በይ፣ ልጄ። እስኪያልቅ።"

ሴትዮዋ ግራ ገባት። እኔን አየች፣ ከዘራውን አየች፣ የሽማግሌውን ፊት አየች። ከዚያ ቅርጫቷን ቀስ ብላ መሬት አስቀመጠች፤ የመጨረሻዋን ጣቴን እስካነሳ ድረስም ነጠላዋን ደረቷ ላይ ሰብስባ፣ ትንፋሿን ውጣ ቆመች።