እናቴ የሙዚቃ ሸክላዎቼን አጥባ አሰጣቻቸው

«ልጄ፣ አብሽር፤ ለዒድ መኝታ ክፍልህን ሳጸዳ የሙዚቃ ሸክላዎችህን በሳሙና አጥቤ ከማሽላው ጎን ፀሐይ ላይ አስጥቻቸዋለሁ።»

ዛሬ ረፋድ ላይ እናቴ ከከሚሴ ደውላ ይህን ስትነግረኝ፣ እዚህ ጅግጅጋ ሥራ ላይ ነበርኩ። (አብሽር ስባል ይበልጥ የምጨነቅ ሰው ነኝ።)

አሥራ አንዱም ሸክላዎች አባቴ፣ አላህ ይዘንለትና፣ በሾፌርነት ዘመኑ ከየከተማው የለቀማቸው ናቸው። ግድግዳዋ በጋዜጣ በተለበጠችው ክፍሌ፣ ከአልጋዬ ሥር ነበር የማኖራቸው።

ትምህርቴን ከአራተኛ ክፍል ባቋርጥም ማንበብ ያልጠፋኝ የሽፋኖቻቸውን ጽሑፍ በመደጋገሜ ነው።

«እማ፣ ፀሐዩ ያጣምማቸዋል! አሁኑኑ አንሺልኝ!»

«ወላሂ፣ እንደ መስታወት ነው ያበራሁልህ!» አለችና እህቴን ተጣራች።

እህቴ አንስታ ስታያቸው አሥሩ ደኅና ናቸው። የአንዱ ጠርዝ ግን እንደ ሰፌድ ተቆልምሟል። እህቴ ማጫወቻው ላይ አድርጋ በስልክ አሰማችኝ፤ ዘፋኙ በሰፈራችን በኮረኮንቹ የጨፋ መንገድ በጋሪ እየተንገጫገጨ የሚዘፍን ይመስላል።

«ተወው፣ አይጣልም» አለች እናቴ። «አባትህም ሲዘፍን ልክ እንዲህ ነበር።»

ሦስታችንም በሳቅ ፈረስን።

እናንተስ፣ ከልጅነት ክፍላችሁ ዕቃ የእናቶቻችሁን ጽዳት ሳይችል የቀረው የትኛው ነው?