ማኅሌት ላይ የማያመው ወገብ

ሐኪሙ ወንድሜን «የሚብስብህ ስትሠራ ነው ስታርፍ?» ሲለው ቀድሜ የመለስኩት እኔ ነኝ።

«ማኅሌት ቆሞ ሲያሸበሽብ ምንም አይለው። ተኝቶ ሲነጋ ነው ከመደብ መነሣት የሚያቅተው።»

መክሰሴ ነበር። ታላቄ ጎንደር ውስጥ አቋቋም ይማራል፤ እኔ በዚያው በኪራይ ቤታችን ግጥም እጽፋለሁ። ኮላ ድባ ላሉት አባታችንም ይህንኑ ነግሬያቸዋለሁ፦ ለወረብ ደኅና ነው፣ ለአጨዳ ሲጠራ ይታመማል። አባዬ አመኑኝ። ከዚያ ወዲህ ከእሱ ጋር ከአንድ ገበታ አይቀርቡም።

ሐኪሙ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ሲያርፉ የሚብስ፣ ሲንቀሳቀሱ የሚለቅ ሕመም አለ። አከርካሪው ከዳሌ አጥንት ጋር የሚጋጠምበት ቦታ ሳይሆን አይቀርም። ኤም አር አይ ተነሣ።»

ፊቴ ጋለ። ወንድሜን ለአባዬ ዋሾ ያስመሰልኩበት ነገር ለካ የበሽታው ምልክት ኖሯል።

ማሽኑ ያለው ባሕር ዳር ነው። መቀመጥ ቢያቅተው ከወረታ ጀምሮ አውቶቡሱ ውስጥ ቆሞ ሄደ። እኔ መስኮቱን እያየሁ ስንኝ ብፈልግ አንድም አልመጣልኝ።

«ብረት ነገር ይውጣ፣ የአንገትህም» አለችው የማሽኑ ባለሙያ።

ማተቡን ጨበጠ። «ማተቤንማ አልበጥስም!»

«ማን በጥስ አለህ? መስቀሉን ነው። ክሩ ምን አደረገኝ!»

ሳቀ። መስቀሉን አውጥቶ መዳፌ ላይ አኖረው።

«እንዳትንቀሳቀስ፤ ምስሉ ይበላሻል» ብላው በሩን ዘጋች።

መንቀሳቀስ ብቻ የሚያሽለውን ሰው! ማሽኑ ሲደበድብ ውጭ ድረስ ይሰማል። መስቀሉ መዳፌን እስኪወጋኝ ያዝኩት። ምስሉ ከተበላሸ አባዬ ዘንድ የሚቀረው የእኔ ቃል ነው።

በላብ ተነክሮ ወጣ። «ከበሮው አለ፤ የጎደለው ጸናጽል ነው» አለኝ። «በልቤ ሳዜም ቆየሁ።»

ጎንደር ስንመለስ ሐኪሙ ፊልሙን መብራት ላይ ሰቅሎ በጣቱ አሳየን። በመጋጠሚያው ግራና ቀኝ አጥንቱ ነጭ ነጭ ብሏል። «ተቆጥቷል። መድኃኒት አለው፤ ግን ቆይታችኋል።»

ወንድሜ ፊልሙን አስታቀፈኝ። «አባዬ አንተን ያምናሉ። አንተው ንገራቸው።»

ኮላ ድባ ስደርስ ምሳ ቀርቦላቸው ነበር። ፊልሙን ወደ በሩ ብርሃን አንሥቼ ነጩን አሳየኋቸው፤ የተናገርኩት ስሕተት እንደነበረም ነገርኳቸው። ከዚያ ያነሡትን ጉርሻ መልሰው እጃቸውን ታጠቡ።

«ሂድ አምጣው። እሱ ሳይመጣ ከዚህ ገበታ አልቀርብም።»

እኔን ግን ብላ አላሉኝም።